ገንዘቡ ለኬብሉ ይሁን፦ ስለ ርካሽ የቤት ኔትወርክ ለወጣ ምክር የተሰጠ ምላሽ

ሁለት ወይም ሦስት ኮምፒውተር ላለው ቤት በትንሽ ወጪ የገመድ ኔትወርክ እንዴት እንደሚዘረጋ የሚመክር አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን ብዙ ሰው ሲቀባበለው ነበር። የጸሐፊው መነሻ ትክክል ነው፦ ዋይፋይ በብሎኬትና በኮንክሪት ግድግዳ ሲያልፍ ይደክማል፤ ከቦታው የማይንቀሳቀስ ኮምፒውተር፣ ፕሪንተርና ካሜራ በገመድ ቢገናኝ ይሻላል፤ ለዚህም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ችግሩ የሚጀምረው የቱ ላይ መቆጠብ እንዳለበት መናገር ሲጀምሩ ነው።

ምክራቸው ባጭሩ ይህ ነው። ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ስለሆነ ባለ 100 ሜጋቢት ስዊች (የቤቱን ገመዶች የሚያገናኘው ባለ ብዙ ፖርት ሳጥን) ይበቃል። ካት 6 የሚል የደረጃ ስም እስከተጻፈበት ድረስ የትኛውም ርካሽ ኬብል ይሆናል፤ አቅም ያለው ግን ካት 7 ኬብልና፣ ቫይረስ ይከለክላል የሚሉትን፣ በሶፍትዌር የሚስተካከለውን ማኔጅድ ስዊች ይግዛ። ኮኔክተር (የኬብሉ ጫፍ መሰኪያ) ሲታሰር ሁለቱ ጫፎች አንድ ዓይነት ከሆኑ የቀለሙ ቅደም ተከተል ግድ የለውም። ኬብሉን በመብራት ቱቦ ውስጥ ማሳለፍ ወጪ ይቀንሳል። አሮጌ ራውተር ይጣል። ወደ ሰርቪስ ቤትም ያንኑ ኬብል በአየር ላይ መዘርጋት ይቻላል።

ከእነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ ገንዘብ አያድኑም፤ ሁለቱ ደግሞ አደጋ አላቸው። እንደ አመጣጣቸው እንመልሳለን። ክርክራችን በአንድ ነገር ላይ ነው፦ ስዊች ነገ ነቅሎ ሌላ መተካት የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ግድግዳ ውስጥ የገባ ኬብል ግን ዓመታት እዚያው ይኖራል። ስለዚህ ርካሹ ነገር ስዊቹ፣ የማይደራደሩበት ነገር ኬብሉና አስተሳሰሩ መሆን አለበት።

ከስዊቹ እንጀምር። የቤቱ ኢንተርኔት 10 ወይም 25 ሜጋቢት ከሆነ፣ ለኢንተርኔት ብቻ ሲባል ባለ 100 ስዊች በእርግጥ ይበቃል። እስከዚህ ድረስ እንስማማለን። ነገር ግን በስዊች ውስጥ የሚያልፈው ኢንተርኔት ብቻ አይደለም። ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው የሚገለበጥ ፋይል፣ ባክአፕ፣ የካሜራ መቅረጫ ላይ ያለ ቪዲዮ ሁሉ ኢንተርኔቱን ሳይነካ በስዊቹ ፍጥነት ይሄዳል። ባለ 100 ሜጋቢት መስመር በተግባር የሚያደርሰው በሰከንድ 11 ሜጋባይት ተኩል ገደማ ነው። 50 ጊጋባይት የሠርግ ቪዲዮ ለመገልበጥ ከ70 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ባለ 1000 መስመር ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ እስከቻለ ድረስ፣ በሰከንድ 110 ሜጋባይት ገደማ ስለሚሄድ ያው ቪዲዮ 8 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በመዳብ ኬብል ላይ የሚሠራው የጊጋቢት ስታንዳርድ የወጣው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ ባለ 5 ፖርት ጊጋቢት ስዊች ከባለ 100ው የሚበልጠው በጥቂት ዶላር ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ገዢው የሚሳሳተው ስሞቹ ስለሚመሳሰሉ ነው። ቲፒ-ሊንክ ኤስኤፍ1005ዲ ባለ 100 ነው፤ ኤስጂ1005ዲ ባለ 1000 ነው። ኤልኤስ1005 ባለ 100፣ ኤልኤስ1005ጂ ባለ 1000። የቴንዳ ኤስ105 እና ኤስጂ105፣ የመርኩሲስ ኤምኤስ105 እና ኤምኤስ105ጂ ልዩነትም ያው ነው። ሁሉም ላይ ጊጋቢት መሆኑን የምትናገረው አንዷ የ«ጂ» ፊደል ናት። ስሙን ካላመኑት ካርቶኑን ገልብጠው ፍጥነቱን ያንብቡ፦ 10/100 ብቻ ካለ ይመልሱት፤ 10/100/1000 ካለ ይውሰዱት።

ሌላም ጸሐፊው ያላነሡት ነገር አለ። ከቴሌ የሚሰጠው የፋይበር ሳጥን ወይም ራውተር ላይ ያሉት ፖርቶች ሁሉም እኩል ላይሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ 1000፣ ሌሎቹ 100 የሆኑበት ሞዴል አለ። ኮምፒውተሮቹን በየፖርቱ ከመሰካት ሁሉንም ስዊቹ ላይ ሰክቶ ከስዊቹ ወደ ራውተሩ አንድ ገመድ መሳብ ይሻላል። ያኔ ኮምፒውተሮቹ እርስ በርሳቸው በ1000 ይነጋገራሉ፤ በራውተሩ ፖርት የሚያልፈው ኢንተርኔቱ ብቻ ይሆናል።

ማኔጅድ ስዊች ለዚህ ቤት ትርፍ ወጪ ነው። ስዊች ቫይረስ አይከለክልም። ቪላን መክፈል (አንዱን ኔትወርክ ወደ ተለያዩ ክፍሎች መለየት) ለማያስፈልገው ሦስት ኮምፒውተር ተሰክቶ የሚሠራው ተራ ስዊች ይበቃል፤ ኤሌክትሪክም ከ2 እስከ 4 ዋት ያህል ብቻ ይፈልጋል። በተራ ስዊች ላይ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው አንድ ነገር አለ፦ የአንድ ገመድ ሁለቱም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ እንዳይሰካ። ብዙዎቹ ይህን ዙር ራሳቸው መቁረጥ ስለማይችሉ ያው መልእክት ያለ ማቋረጥ እየተሽከረከረ መላውን ቤት ያንቃል፤ መብራቶቹ ሁሉ አንድ ላይ በፍጥነት ሲርገበገቡ ያዩታል።

ካት 7 የሚለውም በአጭሩ ይለፍ። ትክክለኛው ካት 7 የተነደፈው ለሌላ ዓይነት ኮኔክተር ነው፤ ተራ አርጄ45 (የተለመደው የኔትወርክ መሰኪያ) ታስሮበት የሚሸጠው ስሙን እንጂ ጥቅሙን አይሰጥም። በላዩ ላይ ያለው የብረት ልባስም የሚሠራው በትክክል ከመሬት ጋር ሲገናኝ ነው፤ ኧርዝ በሌለው ሶኬት ላይ ለተሰካ ስዊች ያ ልባስ ዋጋ ከመጨመርና ኬብሉን ከማወፈር ያለፈ ፋይዳ የለውም። ተራ ካት 5ኢ 1000 ሜጋቢትን እስከ 100 ሜትር ይወስዳል። እንዲያውም በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ባለ 2.5 ጊጋቢት ስታንዳርድ የተሠራው በዚያው ካት 5ኢ ላይ እንዲሄድ ነው። ካት 6 በዋጋ ከቀረበ ይግዙት፤ ካልሆነ ካት 5ኢ አያሳፍርም።

የሚያሳፍረው የውሸቱ ኬብል ነው፤ ጸሐፊው በቸልታ ያለፉት ዋነኛ ነገርም ይህ ነው። መርካቶም ይሁን ሌላ ገበያ ላይ በጣም ርካሽ ሆኖ የሚገኘው «ካት 6» ብዙ ጊዜ ውስጡ አሉሚኒየም፣ ላዩ ብቻ በስሱ መዳብ የተቀባ ነው። በካርቶኑ ወይም በኬብሉ ቆዳ ላይ «ሲሲኤ» የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት በትንሹ ታትመው ሊገኙ ይችላሉ፤ ሐቀኛ ያልሆነው ፋብሪካ ግን እነሱንም አይጽፍም። ስለዚህ ጽሑፉን ትተው ሽቦውን ይመርምሩ። ከጫፉ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ቆርጠው አንዱን ሽቦ ያራቁቱና በምላጭ ቀስ ብለው ይፋቁት። ቀይ ሆኖ ሲቀጥል መዳብ ነው። ከቀዩ ሥር ነጭ ብር የመሰለ ሲወጣ አሉሚኒየም ነው። (ላዩ ነጭ ሆኖ ሲፋቅ ቀይ የሚወጣ ካጋጠመዎት ግን አይደንግጡ፤ እሱ በቆርቆሮ የተለበጠ መዳብ ነው፣ ጥሩ ነው።) ማግኔት ከሳበው ደግሞ ውስጡ ብረት ነው፤ ጨርሶ አይግዙት። ያንኑ ሽቦ እያጠፉ እያቃኑ ቢሞክሩት አሉሚኒየሙ ቶሎ ይሰበራል፣ መዳቡ ይታገሣል።

መልቲሜትር ያለው ሰው ከዚህ የተሻለ ማረጋገጫ አለው። 30 ሜትር ካት 5ኢ ካስቆረጡ፣ በአንዱ ጫፍ ሰማያዊውንና ነጭ ሰማያዊውን አጣምረው በሌላው ጫፍ ኦሙን ይለኩ። ንጹሕ መዳብ 5 ኦም ገደማ ያሳያል፤ አሉሚኒየሙ ወደ 8 ይጠጋል። ከመለካትዎ በፊት የመልቲሜትሩን ሁለት ገመዶች አነካክተው የሚያሳዩትን ትንሽ ኦም ይቀንሱ።

ይህ ልዩነት የወረቀት ላይ ልዩነት አይደለም። የአሉሚኒየም ሽቦ ኮኔክተር ውስጥ ሲጨመቅ ወይም ግድግዳ ሶኬት ላይ ሲታሰር ይሰነጠቃል፤ ላዩ ሲላጥ አየር ያገኘው አሉሚኒየም ዝገት መሰል ሽፋን ይዞ ግንኙነቱ እየላላ ይሄዳል። ዛሬ የሚሠራ መስመር ከወራት በኋላ «አንዳንዴ ይቆረጣል» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። በዚያው ኬብል ኤሌክትሪክ የሚላክለት ካሜራ ካለ ደግሞ የባሰ ነው፦ ከስዊቹ 15.4 ዋት የሚላከው ለካሜራው ቢያንስ 12.95 ዋት ይደርሳል ተብሎ የታሰበው በመዳብ ነው፤ በአሉሚኒየም ላይ ብዙው መንገድ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ካሜራው ቀን ደህና ሠርቶ ሌሊት የጨለማ መብራቱን ሲያበራ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኬብሉ ነው።

በሜትር ሲገዙ ደግሞ ሻጩ በክንዱ ከሚለካው ይልቅ ኬብሉ ቆዳ ላይ የታተመውን ቁጥር ያንብቡ። የሁለቱ ጫፎች ቁጥር ልዩነት ርዝመቱ ነው። በጫማ የታተመ ከሆነ በ3.28 ያካፍሉት።

አሁን ወደ ቀለሙ እንምጣ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ግድ የለውም የሚለው ምክር ከሁሉም በላይ የሚያደክም ብልሽት የሚያመጣ ነው፤ ምክንያቱም ብልሽቱ በርካሹ የኬብል መፈተሻ (ቴስተር) ላይ አይታይም።

ኬብሉ ውስጥ ያሉት ስምንት ሽቦዎች በየራሳቸው የቆሙ አይደሉም፤ አራት ጥንድ ናቸው። እያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ሲግናል በተቃራኒ መልክ ይሸከማል፦ አንዱ ሽቦ ላይ ከፍ ሲል ሌላው ላይ ዝቅ ይላል። ሁለቱ አብረው ስለተጠማዘዙ ከውጭ የሚመጣ ረብሻ እኩል ይነካቸዋል፤ ተቀባዩ የሚያነበው የሁለቱን ልዩነት ብቻ ስለሆነ ረብሻው ተቀናንሶ ይጠፋል። ሶኬቱ ጥንዶቹን የሚጠብቃቸው እንዲህ ነው፦ 1 ከ2፣ 3 ከ6፣ 4 ከ5፣ 7 ከ8። ልብ ይበሉ፣ 3 ከ4 ጋር አይደለም። አንድ ሰው ለዓይን እንዲያምር ብሎ ብርቱካናማውን፣ አረንጓዴውን፣ ሰማያዊውንና ቡናማውን ጥንድ በጥንድ ጎን ለጎን ቢደረድር፣ 3ኛው ቦታ ላይ ነጭ አረንጓዴ፣ 6ኛው ላይ ሰማያዊ ይገባል። እነዚህ ሁለቱ አብረው አልተጠማዘዙም፤ ረብሻውን ማጣፋት ቀርቶ አንዱ የሌላውን ጥንድ ሲግናል ይጠልፋል።

ቴስተሩ የሚፈትሸው ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መድረሱን ብቻ ስለሆነ ከ1 እስከ 8 መብራቱን በተራ እያበራ «ደህና ነው» ይላል። በ2 ሜትር ገመድ ላይ ምንም ላይታወቅ ይችላል። በ20 ሜትር ላይ ግን መስመሩ ከ1000 ወደ 100 ይወርዳል፣ ወይም እየተቆረጠ ይቀጥላል። ወደ 100 መውረዱም አያድንም፤ ባለ 100ው የሚጠቀመው 1፣ 2፣ 3 እና 6ን ነውና የተበላሸው ጥንድ እዚያም አለ። ሰውየው ስዊች ይቀይራል፣ ካርድ ይቀይራል፣ ችግሩ ግን ጣቱ ሥር ነው።

ትክክለኛው አሰላለፍ፣ «ቢ» የሚባለው፣ ይህ ነው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። የታሰረ ኮኔክተር ለመፈተሽ ምላሱን ወደ ታች፣ ወርቃማ ጥርሶቹን ወደ ላይ፣ የኬብሉን መግቢያ ወደ ራስዎ አድርገው ከግራ ይቁጠሩ። አረንጓዴዎቹ ሰማያዊዎቹን ከሁለት ወገን አቅፈው ካዩ ትክክል ነው።

ሲያስሩ የላይኛውን ቆዳ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ይላጡ፣ ሽቦዎቹን አቃንተው ይደርድሩ፣ ከዚያ ከቆዳው ጫፍ 13 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ አስቀርተው ቀጥ አድርገው ይቁረጡ። ይህ ልክ ሁለት ነገር ያስጠብቃል፤ ጥምዝማዜው ከሚገባው በላይ አይፈታም፣ የኬብሉ ቆዳም ኮኔክተሩ ውስጥ ገብቶ በፕላስቲኩ ይያዛል። ቆዳው ውጭ ቀርቶ ቀጫጭኖቹ ሽቦዎች ከታዩ በክሪምፐር (በመጨመቂያው ፒንሳ) ከመጫንዎ በፊት አውጥተው ይድገሙት። ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ነጠላ ሽቦ ያለው ኬብል ደግሞ መወዛወዝ ስለማይወድ፣ ጫፉ ላይ ኮኔክተር ከማሰር ይልቅ ኪስቶን የሚባለው የግድግዳ ሶኬት ላይ ቢታሰርና ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ ተሠርቶ የሚሸጥ ፓች ኮርድ ቢሰካ ዕድሜው ይረዝማል። ኪስቶኑ ላይ የ«ኤ» እና የ«ቢ» ቀለሞች ጎን ለጎን ታትመዋል፤ በሁለቱም ጫፍ «ቢ»ን ይከተሉ።

ሥራው ሲያልቅ ዳኛው ቴስተሩ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ ከዚያ ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት፣ ከዚያ ኢተርኔት ውስጥ ገብተው ሊንክ ስፒድ የሚለውን ያንብቡ። 1000/1000 ካለ ጥሩ። 100/100 ካለና ስዊቹም ካርዱም ጊጋቢት ከሆኑ፣ ብዙ ጊዜ ያልነካው ከ4፣ 5፣ 7 እና 8 አንዱ ሽቦ ነው።

የመብራት ቱቦው ጉዳይ ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ እዚህ ላይ የሚጠየቀው ሕይወት ነው። የኔትወርክ ኬብል ቆዳ 220 ቮልትን እንዲከላከል አልተሠራም። በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሁለቱን አብሮ ሲጎትቱ የመብራቱ ሽቦ ቢላጥ፣ 220ው በኔትወርክ ኬብሉ በኩል እስከ ኮምፒውተሩ ብረትና እስከ ሰው እጅ ሊደርስ ይችላል። ለየብቻ ያሳልፏቸው። ጎን ለጎን ረጅም መንገድ የሚሄዱ ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ያራርቋቸው፤ መሻገር ግድ ከሆነ በመስቀል ይሻገሩ። ግድግዳ መቆፈር የማይፈቀድበት የኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ ባለ 25 በ16 ሚሊ ሜትር የፕላስቲክ ትራንኪንግ በግርጌ በኩል ይበቃል። ማዕዘን ላይ ኬብሉን እንደ ወረቀት አያጥፉት፤ ቢያንስ 2.5 ሴንቲ ሜትር ዙር ይስጡት።

ለምሳሌ ራውተሩ ሳሎን፣ ሁለት ኮምፒውተርና ፕሪንተር መኝታ ክፍል ላለው ቤት፣ መንገዱ 18 ሜትር ቢሆን፣ ሦስት ኬብል መሳብ አያስፈልግም። ሁለት ይሳቡ፤ አንዱ ሥራ ላይ፣ ሌላው ለመጠባበቂያ። ከነትርፉ 40 ሜትር ኬብል፣ አራት ኪስቶን፣ ሁለት ባለ ሁለት ቀዳዳ ፌስፕሌት፣ አምስት ፓች ኮርድና አንድ ባለ 5 ፖርት ጊጋቢት ስዊች። ላፕቶፑ የኔትወርክ ፖርት ከሌለው ዩኤስቢ 3 የሆነ አዳፕተር ይጨምሩ። በዩኤስቢ 2 የሚሰካው፣ ካርቶኑ 1000 ቢልም፣ በ480 ሜጋቢት መግቢያ ውስጥ 1000 ሊያሳልፍ አይችልም።

አሮጌውን ራውተር ደግሞ አይጣሉት። አራት ፖርት ያለው ስዊችና ዋይፋይ በነጻ ማለት ነው፤ ባለ 100 ቢሆን እንኳ ለፕሪንተርና ለቴሌቪዥን ይሆናል። ሥራው አሥር ደቂቃ ነው። መጀመሪያ ከኮምፒውተር ጋር ብቻ አገናኝተው የራውተሩን የማስተካከያ ገጽ በብራውዘር ይክፈቱ። አድራሻው ከዋናው ራውተር ጋር እንዳይጋጭ ይቀይሩት፤ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ ይህን 192.168.1.2 ያድርጉት፣ ዋናው ለሌሎች ዕቃዎች የማይሰጠው ቁጥር መሆኑንም ያረጋግጡ። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን (ለዕቃዎቹ አድራሻ የሚያድለውን ክፍል) ያጥፉ። በመጨረሻ ገመዱን ከዋናው ላን ፖርት ወደዚህኛው ላን ፖርት ይሰኩ፤ በቀለም ወደተለየው ዋን (የኢንተርኔት መግቢያ) ፖርት አይደለም። ዲኤችሲፒ ማጥፋት የተረሳ እንደሆነ ሁለት ራውተሮች አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ አንዱ ስልክ ኢንተርኔት ሲያገኝ አጠገቡ ያለው አያገኝም፣ ሲጠፋና ሲበራ ደግሞ ይገለባበጣል። ለራውተሩ የተገዛው ሚኒ ዩፒኤስ ስዊቹንም እንዲይዝ ከፈለጉ መጀመሪያ በአዳፕተሩ ላይ ያለውን ቮልት ያንብቡ፤ ስዊች 5፣ 9 ወይም 12 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ የመሰኪያው ቅርጽ ስለገጠመ ብቻ 12ቱን ለ5ቱ መስጠት ስዊቹን ያቃጥላል።

የቀረው የሰርቪስ ቤቱ ነው። ተራውን ግራጫ ኬብል በአየር ላይ ከዋናው ቤት ወደ ሰርቪስ መዘርጋት በሁለት ምክንያት አንመክርም። ፀሐይ ቆዳውን ታደርቀዋለች፣ ይሰነጠቃል፣ ውሃ ይገባል፤ ይህን ለውጭ የተሠራ ጥቁር ኬብል ይፈታዋል። ሁለተኛውን ግን የትኛውም የመዳብ ኬብል አይፈታውም፤ እሱም የክረምት መብረቅ ነው። መብረቁ ኬብሉን መምታት አያስፈልገውም፤ አቅራቢያ ሲወድቅ በረጅሙ ሽቦ ላይ የሚቀሰቅሰው ቮልቴጅ በሁለቱም ቤት ያለውን ፖርት፣ አልፎ አልፎም ማዘርቦርዱን ይዞ ይሄዳል።

መፍትሔው ፋይበር ነው፤ መስታወት ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። የሚያስፈልገው ሁለት ጊጋቢት ሚዲያ ኮንቨርተር (የመዳቡን ሲግናል ወደ ብርሃን የሚቀይር ሳጥን) እና በሁለቱም ጫፍ ኤስሲ ኮኔክተር የታሰረለት ባለ አንድ ክር ሲንግል ሞድ የውጭ ፋይበር ነው። ዋጋው ከ30 ሜትር መዳብ እንደሚበልጥ አንክድም። አቅሙ ለጊዜው ከሌለ ያንን አሮጌ ራውተር ወደ ሰርቪሱ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀምጦ በዋይፋይ መጠቀም በአየር ላይ መዳብ ከመዘርጋት ይሻላል። ፋይበሩን ሲገዙ ከጎኑ የሚሄድ የብረት መወጠሪያ ካለው ብረቱ ወደ ቤት እንዳይገባ ውጭ ካለው ማሰሪያ ላይ ይቁረጡት፤ አለበለዚያ መብረቁን በሌላ በር ማስገባት ነው። የተቆለመመበት ዙር ከ3 ሴንቲ ሜትር አይጥበብ፤ የጫፉን ክዳን እስኪሰካ ድረስ አያንሡ፤ ሲበራም በዓይንዎ አይዩት። ኮንቨርተሮቹ አንዱ «ኤ» ሌላው «ቢ» መሆን አለባቸው፤ አንዱ በ1310 ናኖሜትር የብርሃን ሞገድ ልኮ በ1550 ሲቀበል ሌላው በተቃራኒው ነውና። ሻጩ ሁለት «ኤ» ከሰጠዎት ሁለቱም በአንዱ ሞገድ እየላኩ ሁለቱም በሌላው ይጠብቃሉ፤ የፋይበሩ መብራትም በሁለቱም ወገን አይበራም።